ስለ አበባ አትክልተኞች ማኅበር አሠራር፤ በደባርቅ፣ በዳባትና በአምቢኮ ላሉ ሹማምንትና የግብርና ሠራተኞች የተጻፈ ትምህርት

በዚህ ትምህርት የምንናገረው ብዙ ሰው እንደ ትርፍ ነገር ስለሚቈጥረው ሥራ፣ ይኸውም ስለ አበባ አትክልተኞች ማኅበር ነው። ገብስና ባቄላ፣ በግና በቅሎ የኑሮ መሠረት በሆኑበት በስሜን ደጋ ስለ አበባ መጻፍ የሥራ ፈት ጨዋታ የሚመስለው ሹም አይጠፋም። እኛም መጀመሪያ እንዲሁ አስበን ነበር። ነገሩን ቀርበን ስንመለከተው ግን የእርከን ዳር አፈር፣ ከዱር ተነቅሎ ለገበያ የሚቀርብ የአገር ተክል፣ ከውጭ አገር በሻንጣ የሚገባ እንግዳ ሥር፣ እነዚህ ሁሉ በዚሁ በር የሚገቡ ጉዳዮች ሆነው አገኘናቸው።

ጥቂት ወጣቶችና እናቶች ተሰብስበው «አበባ የምናለማበት ማኅበር ልናቋቁም አስበናልና ፈቃድና ቦታ ይሰጠን» ብለው ማመልከቻ ቢያቀርቡ፣ ነገሩን ያላወቀው ሹም ወይ ሳይመረምር ፊርማውን ያኖራል፣ ወይ ምን ይረባል ብሎ ይመልሳቸዋል። ሁለቱም ጉዳት አለው። የመጀመሪያው የማይመለስ ተክል ወደ አገር ሊያስገባ ይችላል፤ ሁለተኛው በገዛ ፈቃዱ የተነሣን የሥራ ሰው ያሳዝናል። ስለዚህ ሹሙ ምን ብሎ መጠየቅና ምን ብሎ ማዘዝ እንዳለበት እንዲያውቅ ይህን ጻፍን። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስለ ቀን አበባ

በሌላው ዓለም ብዙ ማኅበር የቆመለት ተክል በሊቃውንት ስም ሄሜሮካሊስ፣ በእንግሊዞች አፍ ዴይሊሊ የሚባለው ነው። ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው የአንድ ቀን ውበት ማለት ነው። ስሙን ለዕፅዋት ሁሉ ስም ያወጣው የስዊድኑ ሊቅ ሊኔዎስ በ1753 በመጽሐፉ አጽንቶታል። ስሙ በእውነት ከግብሩ ጋር የተስማማ ነው፤ አንዲቱ አበባ በማለዳ ተከፍታ በዚያው ቀን ማታ ትጠወልጋለች። ነገር ግን በአንድ አገዳ ላይ ብዙ እንቡጦች ተራ በተራ ስለሚፈኩ አንዱ ተክል ለብዙ ሳምንታት ያለ አበባ አይውልም። የትውልድ አገሩ ቻይና፣ ኮርያና ጃፓን ነው። በእኛ ቋንቋ የወጣለት ስም ስለሌለ በዚህ ጽሑፍ «የቀን አበባ» እያልን እንጠራዋለን።

ተክሉ ሊሊ ቢባልም እንደ እውነተኛው ሊሊ የሽንኩርት መሳይ ራስ የለውም፤ ሥሩ ወፍራምና ውኃ የሚያጠራቅም ነው፤ ቅጠሉም ረጅምና ቀጭን ሆኖ ከመሬት እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ይወጣል። ሊቃውንት ቀድሞ ከሊሊ ወገን ይቈጥሩት ነበር። በኋላ ግን ዘር ማንዘሩን በጥልቅ መርምረው አስፎዴላሴ ከሚባለው ወገን አግብተውታል። የእኛ እሬት ከዚሁ ወገን ነው። በስሜን ተራሮች ላይ ክረምት ሲወጣ እንደ ችቦ ቀልቶና ቢጫ ሆኖ የሚታየው አበልቢላም ከዚሁ ወገን ነው። ስለዚህ ነገራችን ከሩቅ አገር ቢጀምርም ከደጃችን ይደርሳል።

ማኅበሮቹ እንዴት እንደ ተጀመሩ

በአሜሪካ በአዮዋ አውራጃ ሼናንዶዋ በምትባል ትንሽ የእርሻ ከተማ ሔለን ፊልድ ፊሸር የተባሉ ሴት ስለ አትክልት በራዲዮ ያስተምሩ ነበር። አድማጮቻቸው አብዛኞቹ በገጠር ተራርቀው የሚኖሩ የገበሬ ሚስቶች ናቸው። እነዚህ ሴቶች እርስ በርሳቸው የሚጻጻፉበት አንድ ብልሃት ነበራቸው። አንዷ ስለ አትክልቷ ደብዳቤ ጽፋ ለሁለተኛዋ ትልካለች፤ ሁለተኛዋ የራሷን ጨምራ ለሦስተኛዋ ታስተላልፋለች፤ እንዲህ እየዞረ እሽጉ ወደ መጀመሪያዪቱ ሲመለስ የድሮውን ደብዳቤዋን አውጥታ አዲስ ትተካለች። በ1946 ዓ.ም. በሐምሌ ወር እነዚህ የደብዳቤ ወዳጆች በሼናንዶዋ ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ ይህም በኋላ በአገሩ ሁሉ የተስፋፋው የሄሜሮካሊስ ማኅበር ነው። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ያሉትን የቀን አበባ ዝርያዎች ስም የመመዝገብ አደራ የተሰጠው ለዚሁ ማኅበር ሲሆን፣ በመዝገቡ የገቡት ዝርያዎች ዛሬ ከ80 ሺህ በላይ ናቸው።

ከዚያ በፊት ግን በኒው ዮርክ የዕፅዋት አትክልት ቦታ የሚሠራው ሊቅ አርሎ ስታውት ከቻይና የተላኩለትን የዱር ዝርያዎች እያዳቀለ ብዙ ዓመት ደክሞ ነበር። በ1934 ዓ.ም. «ቴሮን» የተባለውን ጥቁር ቀይ አበባ አወጣ። ከዚያ ዘመን በፊት የቀን አበባ ቀለም ቢጫና ብርቱካንማ ብቻ ይመስል ነበር። የስታውት ድካም ባይኖር የሴቶቹ ደብዳቤ ስለ ጥቂት ዝርያ ብቻ የሚያወራ ሆኖ በቀረ ነበር። የሴቶቹ ደብዳቤ ባይኖርም የስታውት ሥራ ከሊቃውንት ግቢ ባልወጣ ነበር።

እንዲህ ያሉ ማኅበሮች በዓመት ውስጥ የሚሠሩት ሥራ ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን ሥርዓቱ የጸና ነው። ተክሉ በሚያብብበት ወራት አባላቱ ከአንዱ አትክልት ወደ ሌላው እየዞሩ ይጐበኛሉ። አገዳ ቈርጠው በአንድ አዳራሽ እያቀረቡ በዳኛ ነጥብ ይወዳደራሉ። ተክሉ ሲበዛም ከፍለው ለሕዝብ ይሸጣሉ፤ በገንዘቡ አዲስ ዝርያ ይገዛሉ። ከሁሉም ይልቅ እኛን ደስ ያሰኘን ይህ ነው፤ ማኅበሩ ውድ ዝርያ ገዝቶ ለአንድ አባል በአደራ ይሰጠዋል፤ አባሉ ሁለት ዓመት ያህል አሳድጎ ሲበዛ ግማሹን ለማኅበሩ ይመልሳል፣ ግማሹን ለራሱ ያስቀራል። ይህ የእኛ ባላገር በግን ለርቢ ከሚሰጥበት ልማድ ጋር አንድ ነው። እንዲሁም ቤት ለቤት የሚዞረው የጽዋ ማኅበር ላለው ሕዝብ ከአትክልት ወደ አትክልት መዞርን ማስተማር አያስፈልግም፤ ሥርዓቱ በእጁ አለ። ሹሙ ከውጭ አገር የተቀዳ ረጅም ደንብ ከሚያወርድባቸው ይልቅ በለመዱት እንዲተዳደሩ ቢፈቅድላቸው ይሻላል።

ስለ አበልቢላ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ኒፎፊያ ፎሊዮሳ በሚል ስም በሊቃውንት የታወቀውን ተክል ባላገሩ አበልቢላ፣ አሸንዳ፣ አንዳንዱም የዝንጀሮ አገዳ ይለዋል። አሸንዳ የሚለው ስም በአንዳንድ አገር በነሐሴ ወር ልጃገረዶች በወገባቸው ለሚያስሩት ለምለም ሣርም ስለሚነገር፣ በጽሕፈት ቤት ወረቀት ላይ ስሙን ብቻ መጻፍ አይበቃም። የተክሉን መልክና የበቀለበትን ቀበሌ ጨምሮ መጻፍ ይገባል። በስም መመሳሰል የተነሣ ስንት ክርክር እንደ ሆነ የመሬት ጉዳይ የያዘ ሰው ያውቀዋል።

ይህ ተክል ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የሚበቅልበት አገር የለም። ጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐር በ1837 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እስከ ሞተበት እስከ 1878 ዓ.ም. ድረስ በትግሬና በስሜን ዕፅዋት ሲለቅም ኖሯል። ስሙንና መልኩን ለዓለም ሊቃውንት ያስታወቀው ግን የአገሩ ሰው ሆኽስተተር ነው፤ ይህም በ1844 ዓ.ም. ሆነ። የወገኑ ስም ኒፎፊያ የተባለው ክኒፎፍ ለሚባል ለኤርፉርት ከተማ ሊቅ መታሰቢያ ነው። ከዚህ ወገን 70 ያህል ዓይነት በአፍሪካ ሲገኝ አብዛኛው በደቡብ አፍሪካ ነው። በአገራችን ሰባት ዓይነት አለ፤ ከሰባቱ አምስቱ የኢትዮጵያ ብቻ ናቸው።

አበልቢላ ከ2000 ሜትር ጥቂት ከፍ ካለው ቦታ ጀምሮ እስከ 4000 ሜትር ድረስ ይበቅላል። የደባርቅም የአምቢኮም ከፍታ በዚህ ውስጥ ነው። አበባው ወለላ ስላለው የተከዜ ስም የተሰጣት ረጅም ጭራ ያላት አበባ ጠጪ ወፍ ትወደዋለች። ሥሩን ደግሞ የባህል ሐኪሞች ለሆድ ቁርጠትና ለቍስል ያደርጉታል። በ1984 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ኤርምያስ ዳኜ ከጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ሽቴግሊሽ ጋር ከሥሩ አንድ አዲስ ቅመም አውጥተው ኒፎሎን ብለው ሰይመዋል። ይህን የምንጽፈው ተክሉ ከሊቃውንት ዘንድ ምን ያህል ክብር እንዳለው ለማሳወቅ ነው እንጂ ሥሩ እንዲቈፈር አይደለም።

እዚህ ላይ ሹማምንት በብርቱ እንዲያስተውሉ የምንሻው ነገር አለ። አበልቢላን ከብት አይወደውም። በመስኩ ላይ ያለው ሣር እጅግ ሲጋጥ፣ ሌላው ሁሉ እየመነመነ እርሱ ብቻ እየበዛ ይሄዳል። ስለዚህ ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ተራራው የሚወጣ እንግዳ አንድ ሸንተረር በአበልቢላ ተሸፍኖ ቢያይ አገሩን ያደንቃል፤ የግብርና ሠራተኛ ግን በዚያ ቦታ ምን ያህል ከብት እንደ ተሰማራና ግጦሹ ስንት ዓመት እንዳላረፈ መጠየቅ አለበት። አበባው የከብት ብዛት ምስክር ነው። አንድ ሸንተረር በአበባ አምሮ ሳለ መሬቱ ተርቦ ሊገኝ ይችላል፤ ይህን ሳያውቅ የመስኩን ማማር በሪፖርት የሚያመሰግን ሠራተኛ ሥራውን አልሠራም።

ስለ መንቀል

የአበባ ማኅበር ሲቋቋም የሚመጣው የመጀመሪያ ፈተና ይህ ነው፤ አባላቱ ዘር ዘርተው ሁለት ሦስት ዓመት ከሚጠብቁ ይልቅ ማታ ወጥተው ከተራራው ያበበውን ነቅለው ማምጣት ይቀላቸዋል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 ዓ.ም. በሕግ የታወጀ፣ በ1978 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ የገባ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱም በደባርቅ ነው። በ1996 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተራ ተጽፎ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ከዚያ መዝገብ አልወጣም ነበር። ይህን ስም ለማስፋቅ 21 ዓመት እንደ ፈጀ የሚያስታውስ ሹም ለአበባ ማኅበር ተብሎ ከፓርኩ አንዲት ሥር እንድትነቀል ሊፈቅድ አይገባውም።

ደግሞም የተነቀለው ብዙ ጊዜ አይጸድቅም። ያረጀ ግንድ ሥሩ ተቈርጦ ከመጣ በፀሓይ ይደርቃል። ስለዚህ በማኅበሩ ደንብ መጀመሪያ ላይ «ከዱር ሥር የነቀለ አባል ከማኅበሩ ይወጣል» የሚል ቃል እንዲጻፍ ማዘዝ ይጠቅማል። ዘሩ ከፓርኩ ወሰን ውጭ፣ ከእርሻ ዳርና ከመንገድ አጠገብ ከባለ መሬቱ ተጠይቆ ይለቀማል። ከአንዱ አገዳም ሁሉን አለመላጨት፣ ከየአገዳው ጥቂት ጥቂት ወስዶ የቀረውን ለመሬቱ መተው ነው።

ጅብራን ግን ፈጽሞ እንዳይነኩ። ጅብራ ብዙ ዓመት አድጎ አንድ ጊዜ አብቦ የሚሞት ስለሆነ፣ በግቢ ለማማር ተብሎ የሚነቀል ጅብራ ዘሩን ሳያፈራ የጠፋ ነው።

ስለ እንግዳው ተክል

የቀን አበባን ከውጭ አገር አስመጥተን እንትከል የሚል ማኅበር ቢመጣስ? ተክሉ በሌላ አገር ያስገኘውን ጥቅም መካድ አይቻልም። በቻይና በሻንሺ አውራጃ በዳቶንግ ከተማ ዙሪያ ሰፊ እርሻ አለው። ገበሬዎች እንቡጡን ሳይከፈት በሌሊት ለቅመው፣ በእንፋሎት አጥነው፣ አድርቀው ለወጥ ይሸጡታል። ነፋስ ባከማቸው ቢጫ አፈር ባለበት በዚያው አገር ከፍታ ላይ በእርከን ዳር በተከታታይ ተተክሎ ሥሩ አፈሩን እንዲይዝ ይደረጋል። የስዊሱ ሊቅ ሐንስ ሁርኒ ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በስሜን ተራሮች የአፈሩን መታጠብ ያጠናው ገደላማ እርሻ ባለበት ምድር ነውና፣ የእርከን ዳር የሚይዝ ተክል ለእኛ የሚያስፈልግ መሆኑ አያከራክርም።

ነገር ግን ሁሉም የቀን አበባ አንድ አይደለም። ሄሜሮካሊስ ፉልቫ የሚባለው ብርቱካንማው ዝርያ ከመሬት በታች ሥሩን እየሰደደ ይስፋፋል፤ በአሜሪካ ከግቢ አምልጦ የመንገድ ዳርና የወንዝ ዳር የወረሰ እርሱ ነው። ይህ ዝርያ ዘር አያፈራም፤ ስለዚህ ዘር የለውምና አይሰፋም ብሎ የሚከራከር ሰው ቢመጣ መልሱ የሚሰፋው በሥሩ ነው የሚል ነው። ከስሜን ፓርክ አጠገብ እንዲህ ያለ ተክል ማስገባት እኛ የማንደግፈው ነገር ነው። ተሰብስቦ በአንድ ቦታ የሚያድገው ዝርያ በከተማ ግቢ ውስጥ ቢተከል ስጋቱ ያነሰ ነው። ያም ቢሆን በ1992 ዓ.ም. በወጣው የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ መሠረት ያለ ፈቃድና ያለ ምርመራ ማንኛውም ሥር ከውጭ አገር አይገባም። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለዘመድ ጥየቃ የሚመጣ ሰው በሻንጣው ሁለት ሥር ይዞ ቢመጣ በደግ ልብ ያደረገው ይሆናል፤ ሥሩ ላይ ያለው በሽታ ግን የሰውን ልብ አያይም።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። የቻይና ሰዎች እንቡጡን ይበሉታል ተብሎ ሲሰማ አንዱ ለመቅመስ እንዳይነሣ። በግቢ ለማማር የሚተከሉት ዝርያዎች ለምግብ የተመረጡ አይደሉም፤ በአገራችን የሚገኘው ግሎሪዮሳ የሚባለው ቀይና ቢጫ አበባ ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት የሊሊ ወገን ይመስላል፤ ሥሩ ግን ሰው ይገድላል። እንዲሁም የቀን አበባ ቅጠልና አበባ ድመትን ኵላሊቷን ጐድቶ ይገድላታል። ጐተራውን በድመት የሚያስጠብቅ ባላገር ይህን አውቆ ከቤቱ አርቆ ይትከል፤ ለአንድ አበባ ብሎ ገብሱን ለአይጥ መስጠት ጥበብ አይደለም።

ስለ አተካከል

በፈቃድ የገባ የቀን አበባ የሚበዛው በመክፈል ነው። ያደገውን ተክል ከነአፈሩ አውጥቶ፣ በእጅ ፈልቅቆ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ወይም ሦስት ማራገቢያ ቅጠል ማስቀረት፤ ቅጠሉንም አንድ ስንዝር ያህል አስቀርቶ መቍረጥ ነው። ሥሩና ቅጠሉ የሚጋጠሙበት ቦታ ከመሬት በታች ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ይውረድ፤ ከዚያ በላይ ከጠለቀ አያብብም። በተክልና በተክል መካከል አንድ ክንድ ያህል ይተው። ውኃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ መደቡን ከፍ አድርጎ መሥራት ግድ ነው፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናም ሥሩን ያበሰብሰዋልና።

ከዝርያዎቹ አንዳንዱ በክረምት ቅጠሉን ጥሎ የሚተኛ ነው፤ አንዳንዱ ሁልጊዜ ለምለም ነው። የሚተኛው ወገን ረጅም ብርድ ይሻል፤ ክረምቱ ሞቃት በሆነበት አገር እየደከመ ይሄዳል። በደባርቅ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ቢሆንም ቀኑ ፀሓይ ስለሆነ፣ ማኅበሩ ከሁለቱም ወገን ጥቂት ጥቂት አስመጥቶ በአንድ መደብ ጐን ለጐን ቢተክልና ሦስት ዓመት መዝግቦ ቢይዝ ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ ዕውቀት ያገኛል።

ማዳቀል የሚሻ አባል አበባው በተከፈተበት ማለዳ የአንዱን ብናኝ ወስዶ በሌላው እንስት ጫፍ ላይ ይቀባ፤ ክርም አስሮ የእናቱንና የአባቱን ስም ይጻፍበት። ፍሬው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ደርሶ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ዘር ይሰጣል። ከዘር የበቀለው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ያብባል፤ እናቱንም አይመስልም። ዋጋ የማይሰጥ አበባ ከብዙው መካከል እጅግ ብዙ ነው፤ አንድ መልካም ለማግኘት መቶውን መጣል የዚህ ሥራ ልማድ ነው።

አበልቢላን ግን ከዘር ማብቀል ይሻላል ብለናል። ዘሩ በሣጥን ውስጥ በልዝብ አፈር ላይ ተዘርቶ ሥሥ አፈር ይልበስ፤ ችግኙም ጠንከር ሲል ዝናም ሲጀምር በሰኔ ወደ እርከኑ ዳር ይሂድ። ጃርት ሥሩን እንዳይቈፍረው እሾህ መጣል ይጠቅማል። ከብት ስለማይነካው አጥር አያስፈልገውም፤ ይህ ከሣርና ከሌሎች የእርከን ተክሎች የሚበልጥበት ነገር ነው። ነገር ግን ብቻውን አይተከል፤ የእንስሳ መኖ የሚሆን ሣር በመካከሉ ቢዘራ ገበሬው እርከኑን ለመጠበቅ ምክንያት ያገኛል። ጥቅም የሌለውን እርከን በዘመቻ የሠራ ሰው በዓመቱ አርሶ ሲያፈርሰው ብዙ ጊዜ አይተናል።

ስለ አምቢኮ

አምቢኮ ከጨነቅ ተነሥቶ በቧሂት አፋፍ አልፎ፣ ወደ መሸሃ ወንዝ ወርዶ ወደ ራስ ደጀን የሚወጣ መንገደኛ የሚያድርባት መንደር ናት። በዚያ ያለ ቤተ ሰብ ለእንግዳ በቅሎ ያከራያል፣ መንገድ ይመራል፣ ጠላና ዳቦ ይሸጣል። በግቢው ዳር ዘርቶ ያሳደገውን አበልቢላና ሌላውን የአገር አበባ ለእንግዳ ቢያሳይና ዘሩን በዳባትና በደባርቅ ላሉ ችግኝ ጣቢያዎች ቢሸጥ የሚደግፈው ገቢ ነው። በእንግዳ ብቻ ግን አይታመን። በ2020 ዓ.ም. ወረርሽኙ፣ ከዚያም ጦርነቱ መንገደኛውን ባስቀሩ ጊዜ በመንገደኛ ብቻ ይኖር የነበረ ሰው ምን እንደ ደረሰበት የአገሩ ሹም ከእኛ ይልቅ ያውቃል። ስለዚህ የማኅበሩ ዋና ደንበኛ እርከን የሚያሠራው ወረዳ ይሁን፤ እንግዳው ቢመጣ ተጨማሪ ነው።

ሹሙ ማመልከቻ ሲቀርብለት ይህን ይጠይቅ፤ ዘሩ ከየት ይመጣል? የሚተከልበት መሬት የማን ነው፣ ከፓርኩ ወሰንስ ምን ያህል ይርቃል? ከውጭ አገር የሚገባ ሥር አለ ወይ፣ ፈቃዱስ ማን ዘንድ ነው? ከአባላቱ መካከል መዝገብ የሚይዝ ማን ነው? መዝገቡ ለእያንዳንዱ ተክል ስሙን ባላገሩ እንደሚጠራው፣ ዘሩ የተለቀመበትን ቀበሌና ቀን፣ የተዘራበትን፣ የበቀለበትንና ያበበበትን ቀን የያዘ ይሁን። የደረቀውም ይጻፍ። መዝገቡ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ በጥቅምት አበልቢላው ባበበበት፣ ሁለተኛ በሰኔ ችግኙ በሚወጣበት ወራት፣ ከወረዳው የግብርና ሠራተኛ ጋር በየግቢው እየዞሩ የሚመረመር ይሁን። የመጀመሪያው ዙር ዘር ግን ኅዳር ሳያልፍ፣ ፍሬው ተከፍቶ ነፋስ ሳይበትነው መለቀም አለበት።